ቤት ለመልቀቅ ስንነሣ የምንሰማቸው ቃላት

(በክረምቱ ዕረፍት ወደ አገራችን የተመለስን የማኅበራችን አባሎች ደምበጫ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግነው ንግግር።)



የዛሬው ንግግራችን ቤት ለመልቀቅ ስንነሣ ስለምንሰማቸው ቃላት ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ጊዜ አንድ አባት ቆመው አነበቡና፥ «ዩኒቨርስቲ ድረስ ሄዳችሁ የተማራችሁት ጓዝ መጠቅለል ነውን?» ብለው አሳቁን። እውነታቸውን ነው። ጓዝ መጠቅለል ማንም ሳያስተምረው ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ልንናገር የተነሣነው ግን ጓዙ ከመጠቅለሉ በፊትና ከተፈታም በኋላ ስለሚነገረው ቃል ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ከሚሰበርበት እንስራና ከሚጠፋበት ጭልፋ ይልቅ፥ ሳያስተውል እሺ ያላት አንዲት ቃል የምታስከፍለው ይበልጣልና።

ይህን የምንለው ስለ ደረሰብን ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሰን ከየገጠራችን ወደዚህ ከተማ ስንመጣ አራት ነበርን። ዱቄቱን፥ በሶውን፥ ሽሮና በርበሬውን ከማምጣታችን በፊት ቤት ለመፈለግ ባዶ እጃችንን መጣን፤ አንድ ክፍልም አገኘን። ባለቤቷን እትዬ እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ልጆቼ ይሉን ነበር። «ቀብድ ስጡኝና ቤቱን ላቆይላችሁ» አሉን። ሰጠን። እኛ የመስከረምን ኪራይ የከፈልን መስሎን ነበር። ጓዛችንን በአህያ ጭነን በስድስተኛው ቀን ስንመለስ በሩ ላይ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘነው። እትዬም፥ «ልጆቼ፥ የተሻለ የሚከፍል ሠራተኛ መጣብኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለው ከገንዘባችን ግማሹን መለሱልን። ግማሹን ግን፥ «ቤቱን ስድስት ቀን ይዤላችኋለሁ፤ ይኸ የዚያ ነው» ብለው አስቀሩት። እኛም አመስግነን ወጣን።

ከአራታችን አንዱ አባቱን ሁለተኛ ገንዘብ ለመጠየቅ አፈረ። አባቱ ያን ገንዘብ ያገኙት አንድ በግ ሸጠው ነበርና። «ዘንድሮ ይለፈኝ፤ በሚመጣው ዓመት እደርስባችኋለሁ» ብሎን ከአህያው ጋር ተመለሰ። በሚመጣው ዓመት አልመጣም። እኛ ሦስታችን ዛሬ በፊታችሁ ቆመን እንናገራለን፤ በትምህርት ከሁላችንም ይበልጥ የነበረው እርሱ ግን በመካከላችን የለም። ስለ ቀብድ በሕጉ የተጻፈውን ያነበብነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባነበብንም ጊዜ እጅግ አዘንን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

እንግዲህ ነገራችንን ከሥሩ እንጀምር። ቤት መቀየር በአማርኛችን አንድ ስም ብቻ የለውም። ስሙ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ልጅ አግብቶ ከወላጆቹ ሲለይ «ጎጆ ወጣ» ይባላል፤ ቃሉ የደስታ ነው። መንግሥት ሠራተኛውን ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ሲልከው «ተዛወረ» ይባላል፤ ደመወዙና ማዕርጉ አብረውት ይሄዳሉ። ለአዲስ ቦታ ተመርጦ ወይም ተገድዶ ሲሄድ «ሠፈረ» ይባላል። ሳይወድ ከቀዬው ሲነቀል «ተፈናቀለ» ይባላል። ከአገር ሲወጣ «ተሰደደ» ይባላል። በነዚህ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የንግግር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መብትና ዕዳም በውስጡ አለበት።

«ሠፋሪ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም.፥ ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረው በመተከል፥ ፓዌ ላይ፥ ከወሎና ከሌሎችም ስፍራዎች በድርቅ ምክንያት የመጡ ብዙ ሰዎች እንዲሠፍሩ ተደርጎ ነበር። በዚያ የተወለዱ ልጆች አድገው፥ እነርሱም በተራቸው ልጆች ወልደዋል። ነገር ግን «ሠፋሪ» የሚለው ቃል ከብዙዎቹ ላይ አልወረደም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ደም በፈሰሰ ጊዜ፥ ሸሽተው ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ የተጠለሉት ሰዎች «ተፈናቃይ» የሚለውን ስም ተቀበሉ። ቤት የሚለቅ ሰው የሚለቅበት ምክንያት ስሙን እንደሚሰጠው፥ ስሙም አንዳንድ ጊዜ ከሰውየው ዕድሜ የሚረዝም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሕግም ቢሆን ተፈናቃይና ስደተኛ አንድ አይደሉም። በ1951 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት የሚናገረው ከአገሩ ወሰን ስለ ወጣ ሰው ነው። ከቤቱ ተነቅሎ በገዛ አገሩ ውስጥ ስለ ቀረው ሰው የሚናገረው፥ የአፍሪካ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ካምፓላ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም ይህን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ተቀብላዋለች። ስለዚህ ከቤቱ የተነቀለ ዘመድ ያለው ሰው፥ «ቤት ቀይሮ መጥቷል» ብሎ እንዳያስመዘግበው እንመክራለን። ቤት የቀየረ ሰው በፈቃዱ ነው የመጣው፤ የተፈናቀለ ሰው ግን የሚጠይቀው አለው።

አባቶቻችን በፈቃድ ቤት ይቀይሩ እንደ ነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ በዚሁ በእኛው በዳሞት ተቀምጦ ስለ ርስት ያጠናውን መጽሐፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከመጀመሪያው አቅኚ አባት የሚቆጠር ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው በአንድ ደብር ብቻ ሳይሆን በሌላውም ደብር ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። እንግዲህ ያን ጊዜ ቤት ለመቀየር የሚያስፈልገው ትልቁ ቃል ውል ሳይሆን የትውልድ ሐረግ ነበር። ሐረጉን የሚቆጥርለት ሽማግሌ ያለው ሰው ሄዶ ይቀመጣል፤ የሌለው ሰው ግን «ጭሰኛ» ይሆናል። ጭሰኛ ማለት በሰው መሬት ላይ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነው። ምድጃው የራሱ ነው፤ ምድጃው ያረፈበት መሬት ግን የሌላ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 31 ርስትም ጭሰኛም በሕግ ቀሩ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬም በየከተማው የቀበሌ ቤት ይዞ የሚኖር ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህን የምንለው፥ «ቤቴን ልሽጥልህ» የሚል ሰው በተገኘ ቁጥር፥ በመጀመሪያ ቤቱ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አስቀምጧል። መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቤት ግን ንብረቱ ነው። በዚህ ምክንያት ከተማ ውስጥ ሦስት ቃላት ትሰማላችሁ። «ይዞታ» ማለት በመሬቱ ለመጠቀም የተሰጠ መብት ነው። «ካርታ» ማለት ይህ ይዞታ የእገሌ ስለ መሆኑ ማስረጃ የሆነው ወረቀት ነው። «ሊዝ» ደግሞ ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሆኖ፥ የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። ካርታውን ሳያይ ቀብድ የሚሰጥ ሰው፥ በሬውን ሳያይ የበሬውን ገመድ እንደ ገዛ ይቆጠራል።

አሁን ተማሪዎችን ወደሚነካው ወደ ኪራዩ እንምጣ። እዚህ ላይ አራት ቃላት በገንዘብ ዙሪያ ይመላለሳሉ፤ እነዚህም ቀብድ፥ ቅድሚያ ክፍያ፥ መያዣና ዋስ ናቸው። አራቱም ከኪስ ስለሚወጡ ወይም ወደ ኪስ ስለሚመለከቱ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን አንድ አይደሉም።

ቀብድ ማለት ውል መደረጉን የሚያስረዳ ገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዟል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ የሰጠው ቀብድ ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ ያዘንንበትን ምክንያት አሁን ታገኙታላችሁ። እኛ ግማሹን ተቀብለን አመስግነን ስንወጣ፥ በሕጉ መሠረት ይገባን የነበረው እጥፉ ነበር። ያ ገንዘብ ቢመለስ ኖሮ ጓደኛችን በግ የተሸጠበትን ገንዘብ ሁለተኛ ለመጠየቅ ባላፈረ ነበር። እትዬንም ቢሆን ዛሬ አንወቅሳቸውም፤ እሳቸውም ቃሉን እንደ እኛ አያውቁትም ነበር ብለን እናስባለን። ሁለታችንም ወገኖች አንድ ቃል ተናግረን ሁለት ነገር ተረድተን ነበር።

ቅድሚያ ክፍያ ከዚህ ልዩ ነው። ይኸ ገና ያልኖርንበትን ወር ኪራይ አስቀድሞ መክፈል ነው። ገንዘቡ የኪራዩ አካል ስለ ሆነ ከሚከፈለው ላይ ይቆጠራል። በአንዳንድ ከተማ አከራዮች የስድስት ወር፥ አልፎም የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ልማድ አድርገውት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፥ በድሬዳዋና ክልሎች በሚሰይሟቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ ቡሬ፥ ወደ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ወደዚህ የሚመጣ ተከራይ፥ «ከተማው በአዋጁ ውስጥ ገብቷልን?» ብሎ የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ አለበት። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ግን መጠየቅ አያሻችሁም፤ ሕጉ አለላችሁ።

መያዣ ማለት ተከራዩ ቤቱን ቢያበላሽ ወይም የመብራትና የውሃ ዕዳ ጥሎ ቢሄድ ለዚያ መተኪያ እንዲሆን በአከራዩ እጅ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ዕዳና ጉዳት ከሌለ መመለስ አለበት። «ይመለሳል» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ግን፥ በሚለቁበት ቀን ክርክር ያመጣል። በተለይ መስኮቱ ከመግባታችን በፊት ተሰብሮ እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰው አይገኝም። ስለዚህ በገባን ቀን የተሰነጠቀውን ግድግዳ፥ የጎደለውን መስተዋት፥ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፈን ሁለታችንም ወገኖች ብንፈርምበት ነገሩ ያልቃል። ዋስ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ባልከፈለው ምትክ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ አባቶቻችን ለእኛ ዋስ ስትሆኑ፥ ለስንት ጊዜና ለስንት ብር እንደ ሆነ ሳይጻፍ አትፈርሙ።

በነዚህ መካከል አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ደላላ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ደላላ ቤት ያሳያል፥ አከራይንና ተከራይን ያገናኛል፥ ለድካሙም ይከፈለዋል። በዚህ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ደላላው ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ሲሆንና ኪራዩ ከፍ ባለ ቁጥር የእርሱም ድርሻ ከፍ የሚል ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ወንድሜ፥ ለአንተ አዝኜ ነው» ቢላችሁ፥ አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ከማዘኑ በፊት ጠይቁት።

ተማሪዎችን በተለይ የሚመለከት ሌላ ቃል «ደባል» ነው። ደባል ማለት ከዋናው ተከራይ ወይም ከባለቤቱ ጋር በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ሰው ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ሲይዙ ውሉ በአንዱ ስም ከሆነ፥ የቀሩት ሦስቱ ደባል ይሆናሉ። ያ አንዱ ትምህርቱን ትቶ ቢሄድ፥ ሦስቱም ከአከራዩ ጋር የሚያገናኛቸው ክር ይበጠሳል። ስለዚህ የአራቱም ስም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እኅቶቻችን በሚኖሩበት ቤት ደግሞ ከኪራዩ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የበሩ ቁልፍ ስንት ነው? ሁለተኛው በማን እጅ ነው? ሽንት ቤቱ ከግቢው ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? በግቢው ውስጥ ማን ማን ይኖራል? ይህን የሚጠይቅ አባት ተጠራጣሪ ሳይሆን አስተዋይ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ያለ ክፍል ለሴት ልጅ ቢከራይ፥ ትምህርቷን የምታቋርጥበት ዋጋ ከኪራዩ ጋር አይወዳደርም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። ከቀበሌ ሲወጡ የሚጠየቀው «መሸኛ» ነው። ሰውየው በዚህ ቀበሌ ይኖር እንደ ነበረና አሁን እንደ ለቀቀ የሚገልጽ ደብዳቤ ማለት ነው። አዲሱ ቀበሌ ይህን ካላየ የነዋሪነት መታወቂያ ለመስጠት ያመነታል። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ብዙ በር ይዘጋል። አንዳንድ ሰዎች፥ «ፋይዳ አለኝ፤ መሸኛ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ማን መሆናችሁን ያስረዳል። በየትኛው ቀበሌ ለመኖር እንደ መጣችሁ የመጠየቁ ነገር ግን በዚህ አይቀርም። ስለዚህ መሸኛ የማውጣትን ነገር ጓዙ ከተጫነ በኋላ አታስቡት፤ ሹሙ ስብሰባ የሄደበት ቀን ሊሆን ይችላልና።

የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ሰው በተግባር የሚኖርበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው የሥራውና የጥቅሙ ዋና መቀመጫ አድርጎ ለዘወትር ሊኖርበት ያሰበው ስፍራ ነው። ተማሪ በከተማ ይኖራል፤ ልቡ ግን ምናልባት በአባቱ ቤት ነው። ሐሳብን በሚመለከት ጊዜ ሕጉ እንኳ፥ «የት ታድራለህ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የት ልትኖር አስበሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ስናነብ ተደንቀናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ መብት አለው። መሸኛ እንግዲህ ይህን መብት ለማስመዝገብ የሚረዳ ደብዳቤ መሆን አለበት እንጂ፥ መብቱን የሚከለክል መዝጊያ መሆን አይገባውም።

የጭነቱን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በገጠራችን ቤት ሲነሣ እንጨቱ፥ በሩና መቃኑ ተነቅሎ በሰው ትከሻ ይሄዳል፤ ለዚህም ደቦ ይጠራል፥ ወይም በወንፈል ይሠራል። ደቦ በጠላና በእንጀራ የሚጠራ ነው፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፥ ዛሬ ያገዘህን ሰው ነገ ታግዘዋለህ። በከተማ ደግሞ ጋሪ፥ ባጃጅ ወይም አይሱዙ ነው። እዚያ «ጫኝና አውራጅ» የሚባሉ ወጣቶች ተደራጅተው ይጠብቋችኋል። ከባለመኪናው ጋር ስትዋዋሉ፥ «ዋጋው መጫኛና ማውረጃ ጨምሮ ነው ወይስ የመኪናው ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ያልጠየቀ ሰው አዲሱ በሩ ላይ ቆሞ፥ ዕቃው መኪና ላይ እንዳለ፥ ሁለተኛ ይዋዋላል፤ በዚያ ሰዓት የሚደረግ ውል ደግሞ የተጨነቀ ሰው ውል ነው።

ወደ መጨረሻው ያቆየነው ቃል፥ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ፥ ነገር ግን ለወላጆቻችን ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም እድር ነው። አንዲት እናት እናውቃለን። ልጃቸው ቡሬ ሥራ ሲይዝ፥ «እናቴ ብቻዋን አትቀርም» ብሎ ወሰዳቸው። ሥራው በጎ ነበር፥ ቤቱም ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ከሃያ ዓመት በላይ የከፈሉበትን እድር ሳይሰናበቱ ሄዱ። «ስሜ አለ፤ ልጄ እየላከ ይከፍልልኛል» ብለው ነበር። ልጁም በሥራ ብዛት ዘነጋው። እድሩ እንደ ደንቡ ስማቸውን ሰረዘ። በአዲሱ ሰፈርም አዲስ ገቢ ከመነሻው ካልከፈለ አይቀበሉም ስላሏቸው፥ ነገ ዛሬ ሲሉ ቆዩ። እኒያ እናት ባረፉ ጊዜ ለቀብራቸው ድንኳን የጣለላቸው እድር አልነበረም። ጎረቤት እንደ ጎረቤትነቱ አላፈረም፥ ሁሉም ደረሰ። ነገር ግን ልጃቸው በዚያ ቀን ድንኳን ሊከራይ ሲሮጥ ያየነው ሰዎች ያን ፊቱን አንረሳውም።

ስለዚህ ቤት ስንለቅ ከቀበሌው መሸኛ ቀድሞ ለእድሩ ዳኛ መንገር ይገባል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። በሌላ ከተማ ሆኖ መክፈል ይቻላል ወይስ አይቻልም? የሚቻል ከሆነ ማን ይቀበላል? የማይቻል ከሆነ፥ እድሩ ይህ ሰው ይህን ያህል ዘመን አባል ነበር ብሎ ይጽፍለታልን? አንዳንድ እድሮች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ተቀብለው የመግቢያውን ክፍያ ያቀላሉ። እቁብም እንደዚሁ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ዕዳውን ሳይጨርስ ቢሄድ ዋሱ ይያዛል፤ ያልወጣለት ሰው ሳይሰናበት ቢሄድ የራሱ ገንዘብ ይንሳፈፋል። የሰበካ ጉባኤ አባልነትም አብሮ ይታሰብ። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ ደንብ ከተቋቋመ ጀምሮ ምእመን በሰበካው ይመዘገባልና፥ ደብር የለወጠ ሰው ለሁለቱም ደብር ማሳወቅ አለበት።

ክቡራን ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቻችን፤

አንዳንድ ሰዎች፥ «በአገራችን በቃል መተማመን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል? ወረቀት የማይተማመኑ ሰዎች ነው» ይሉ ይሆናል። ይህን አሳብ እናከብራለን። ነገር ግን የጻፍነው ነገር እምነታችንን የሚጠብቅልን እንጂ የሚያፈርስብን አይደለም። እኛና እትዬ በዚያ ቀን ቀብድ ምን ማለት እንደ ሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፈን፥ ሁለት ምስክር አስፈርመን ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬም ወደ ቤታቸው ገብተን ቡና በጠጣን ነበር። አሁን ግን በበራቸው ስናልፍ ሁለታችንም ወገኖች ፊታችንን እናዞራለን። ያጣነው ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ ማኅበራችን ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነገር ለማድረግ ወስኗል። አንደኛ፥ በየዓመቱ በጳጉሜን ቀናት፥ ተማሪዎች ቤት በሚፈልጉበት ጊዜ፥ ማንበብና መጻፍ ለሚቸግራቸው ወላጆችና አከራዮች ውላቸውን ያለ ክፍያ እንጽፋለን። በወረቀቱ ላይ የሁለቱ ወገን ስም፥ ቀኑ፥ የክፍሉ ኪራይ፥ የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ ወይስ መያዣ፥ መብራትና ውሃ ማን እንደሚከፍል፥ ቤቱ ሲለቀቅ ከስንት ቀን በፊት መነገር እንዳለበትና የሁለት ምስክር ፊርማ ይኖርበታል። ሁለተኛ፥ ቤት አከራይ የሆናችሁ እናቶችና አባቶች ዘንድ መጥተን ይህንኑ እናስረዳለን፤ ሕጉ ተከራይን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይጠብቃልና። ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ተከራይ ቀብዱ እንደሚቀርበት ማወቅ ለእናንተም ጥቅም ነው።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ቤት መቀየር ብቻውን ኑሮን አያሻሽልም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት ለሚመጣ ልጅ፥ ያ አንድ ክፍል ቤት ወጡን የሚያጣፍጠው ራሱ ትምህርቱ የሚበስልበት ምድጃ ነው። ምድጃው በአንዲት ያልገባችው ቃል ምክንያት እንዳይፈርስበት እንጠብቅለት።

በሚመጣው መስከረም አራት ሆነው የሚመጡ ልጆች አሉ። አራት ሆነው እንዲጨርሱ እንርዳቸው።